ከቀኝ ወደ ግራ

በወር አንድ ቅዳሜ፣ ደመወዝ ሲወጣ፣
አባዬ ቡሪሶ ጫማውን ወልውሎ ከጓዳ ሲመጣ፣
ሁላችን እናውቃለን፤ ማንም አይጠይቅም፤
ምድጃው አይጫርም፣ ነጭ ሽንኩርት አይደቅም።

አንድ ባጃጅ ለአምስት። ታናሼ ኢዮስያስ በእማዬ ጭን ላይ፣
እኔ በሩ ጥግ፤ ሹፌሩ ይጮሃል፦ «ትራፊክ ስናይ ዝቅ በይ!»
ከፒያሳ ወርደን፣ ሐዋሳን አቋርጠን፣ ወደ አሞራ ገደል፣
ሐይቁን ሳናይ ገና የጥብሱ ሽታ ወጥቶ ሲቀበል።

ቤቱ ቤት አይባል፤ አራት አጣና ነው፣ ከላይ ቆርቆሮ፣
የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ እግሩ ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ።
ያን ወንበር ሁልጊዜ አባዬ ይወስደዋል፤
«ደህና ነው» ይለናል፤ ሲስቅ ግን ያንገዳግደዋል።

ምናሌው ጣውላ ላይ፣ በቀይ ቀለም ቅብ፣
ግራው የምግብ ስም፣ ቀኙ የብር ሂሳብ።
አባዬ የሚያነብ ከቀኝ ወደ ግራ፣
መጀመሪያ ዋጋ፣ ኋላ ስሙን ሲጠራ።
እማዬ ስም ብቻ፦ «ዓሣ ጥብስ፣ ዓሣ ኮተሌት፣
ዓሣ ዱለት…» ትላለች፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ አንዱንም ሳትስት።
ቁጥሩጋ ሳትደርስ ዐይኗን ትመልሳለች፤
ያቺ ግማሽ ሰሌዳ ለእሷ ትበቃለች።

አራት ዓሣ ታዘዘ፤ አንድ ሽሮ ለአክስቴ ለአስካለ፤
«ጾም ነው!» — «ዓሣ ይበላል!» — ክርክሩ እዚያው ተቀጣጠለ።
«ጴጥሮስ ራሱ አጥማጅ ነበር» አለ አባዬ ስቆ፤
«መረቡን ጥሎ ሄደ!» አለችው አክስቴ፣
ዐይኗ ግን የጎረቤት ዓሣ ላይ ወድቆ።

አባ ኮዳ ከዳር በአንድ እግሩ ቆሞ፣
ኮት የደረበ አበዳሪ መስሎ ዝም ይለናል ደግሞ።
ኢዮስያስ አንድ እሾህ ቢወረውርለት፣
ወሬ የደረሳቸው ሦስት ዘመዶቹ መጥተው ተሻሙበት።

ዓሣው መጣ። ቆዳው በቢላ ተተልትሎ፣
ጅራቱ ወደ ሰማይ፣ ዳጣው በስኒ፣ ሎሚው ከጎን ጉብ ብሎ።
ከዚያ በኋላ ዝም። ማንም አያወራም፤
እሾህና ጨዋታ በአንድ አፍ አይበላም።
ሐይቁ ብቻ ከታች ድንጋዩን ሲልስ፣
አክስቴም በሽሮዋ ጠርዝ የእኛን ዳጣ ስትቀምስ።

አጥንቱ ማበጠሪያ መስሎ ቀረ።
የእማዬ እጅ ተነሣ፣ ልማዱ ጠርቶት፣
ሳህን በሳህን ላይ፣ እሾሁን ወደ አንዱ፣ ጠረጴዛውን በሶፍት…
«ኧረ ይተዉት፣ እናቴ! የእኔ ሥራ ነው» አለች
አስተናጋጇ መሰሉ፣ ሮጣ ደረሰች።
እማዬ እጇን መለሰች፤ ማስቀመጫ አጣች።
ጭኗ ላይ፤ ከዚያ ደረቷ ላይ፤ ከዚያ ጠረጴዛው ጫፍ፣
መቀመጫ እንዳጣ እንግዳ፣ ቤት ሞልቶበት ከደጃፍ።

መሰሉ ማስታጠቢያ አመጣች፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፤
ከእናቴ ጀመረች፣ ጎንበስ አለችና።
ውሃው ወረደ። እናቴ እጇን እያየችው
የሌላ ሰው መሰላት፤ አገላብጣ፣ አገላብጣ አጠበችው።
«በቃኝ» አላለችም፣ ጆጉ እስኪያልቅ ድረስ፤
አባዬ ሲጠብቅ፣ እኛ ስንጠብቅ፣ ያ ውሃ ሲፈስ።

ሂሳብ መጣ። አባዬ ቆጠረ፤ ደገመ፤ ፊቱ ጠቆረ፤
የኢዮስያስ ሁለተኛ ሚሪንዳ ከዕቅድ ውጪ ነበረ።
ያኔ ከጠረጴዛው ሥር፣ እኔ ብቻ ባየሁት፣
ያ የታጠበ እጅ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ብር አቀበለው
ከጉልበት ወደ ጉልበት።
«እንኪ!» አለ አባዬ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣
«መልሱ ለአንቺ ይሁን!» — እርጥቧን ብር በደረቆቹ መሃል ሸሽጎ።

ማታ ቤት ስንገባ የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።
አባዬ ሸሚዙን ሰቀለ፤ አክስቴ ጸለየች፤ እማዬ ግን አልተኛችም።
ከመደርደሪያው ላይ ንጹህ ብርጭቆ አውርዳ
ታጥበዋለች፣ ቀስ ብላ፣ በጨለማው ጓዳ፤
በለሆሳስም፦ «ዓሣ ጥብስ… ዓሣ ኮተሌት… ዓሣ ዱለት…»
ከግራ ብቻ፣ ከግራ፤ ቁጥር ሳይደርስበት።